በማተብ ልክ የተለካ ማንጠልጠያ

ነገሩ የጀመረው በባጅ ነው። በማስተምርበት የሰቆጣ ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉ ፎቶአችን ያለበትን ባጅ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን እንድንገባ ተነገረን። ባጁ ታደለን፣ ማንጠልጠያው ቀረ። "በየራሳችሁ ፈልጉ" ተባልን። አንዱ በጫማ ክር አሰረው፣ ሌላዋ በሲባጎ። የሒሳብ መምህሩ ከተበላሸ ቻርጀር የቆረጠውን ገመድ አንገቱ ላይ አጥልቆ መጣና ቀኑን ሙሉ "ባትሪህ ስንት ደረሰ?" እያልን ስናበሽቀው ዋልን።

ጎረቤቴም የሥራ ባልደረባዬም የሆነች አንዲት መምህርት አለች፤ ግቢ እንጋራለን። ለእረፍት ባሕር ዳር ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ ስትመለስ በፌስታል ሙሉ ጥቅል ጥቅል የፕላስቲክ ክር ይዛ መጣች። ጠፍጣፋና የሚያብለጨልጭ፣ ሲስቡት ትንሽ የሚለጠጥ፣ ቀለሙ ዓይን የሚወጋ ክር ነው። በእኛ ገበያ የማውቀው ዘንቢል የሚሠራበትን ሰፊውን ነበር፤ ይኼኛው ግን ቀጭን ነው።

"ሹሩባ ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

"ሹሩባማ ተወልጄበታለሁ" አልኳት።

"እንግዲያው ግማሹን ታውቂዋለሽ። ግማሹን ላሳይሽ።"

አንገት ላይ የሚውለው ክፍል በእርግጥም ከሹሩባ አይለይም፤ አራት ክር ይዞ ወደ ታች መጎንጎን ነው። ፈተናው ከታች ያለው፣ ባጁን ወይም ቁልፉን የሚይዘው ዘንግ ነው። እዚያ ሲደርሱ አራቱ ጫፎች በአራት አቅጣጫ ይዘረጋሉ። ሁለቱ በተቃራኒ ታጥፈው ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ የቀሩት ሁለቱ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከሥር እያለፉ ይሻገራሉ። ከዚያ አራቱም አንድ ላይ ይሳባሉ። ጥርስ የምታክል አራት ማዕዘን ብቅ ትላለች። በሚቀጥለው ዙር አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ቅድም ወደ ቀኝ የታጠፈው አሁን ወደ ግራ ይታጠፋል። የሥራው ምሥጢር ባለፈው ዙር በየት እንደሄዱ ማስታወስ ነው። የረሳ ሰው ዘንጉ እየተጠማዘዘ ይሄድበታል።

የመጀመሪያዬ እንደ ፍየል ቀንድ ተጠማዘዘ። ጓደኛዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ የማልለቅ፣ ሲሳቅብኝ የሚብስብኝ ሰው ነኝ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ጎነጎንኩ፤ የመምህራን ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ሥር ደብቄ ጎነጎንኩ። ብዙም ሳይቆይ ማንጠልጠያዬ ከጓደኛዬ እኩል ቀጥ አለ፤ ከእሷም ይበልጣል ብል አልዋሸሁም። የሒሳብ መምህሩ ሳይቀር መጥቶ አዘዘኝ። ሰው ሁሉ ጥቁር ነው የፈለገው። ጥቁሩ አለቀ። ብርቱካንማና አረንጓዴ ብቻ ሲቀረኝ ነው አባቴ ትዝ ያሉኝ።

አባቴ ቄሰ ገበዝ ናቸው። ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ፣ ጠዋት የተነሣ ሰው በእግሩ ለምሳ በሚደርስባት የገጠር ደብር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁትና ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ሌላው ካህን ተራ አለው፤ ይቀድሳል፣ ያርፋል። ቁልፍ ያዥ ተራ የለውም። በየማለዳው ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ይከፍታል፣ ከሁሉ ኋላ ቀርቶ ይዘጋል። መጽሐፉ፣ ጽናጽሉ፣ ልብሰ ተክህኖው፣ ሁሉም ያለው ከዚያች ቁልፍ ጀርባ ነው። በጦርነቱ ወራት ሰው ሲሸሽ ቁልፏን ወገባቸው ላይ አስረው እዚያው ግቢ ውስጥ የከረሙ ሰው ናቸው። ይህን አገሬው ሁሉ ያወራል፤ እሳቸው ብቻ አያወሩትም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ቁልፏ ለአባቴ ሌላ ነገር ሆነች። ታላቅ ወንድሜ ዐረብ አገር ነው፣ እኔ ሰቆጣ ነኝ። በዚያ ቤት ብቻቸውን አድረው በማለዳ ከመኝታቸው የምታስነሣቸው ያቺ ቁልፍ ነበረች። "እኔ ካልተነሣሁ ማን ይከፍታል?" ይላሉ፤ እንደ ስሞታ ነው የሚሉት፣ ግን ሲሉት ደስ እያላቸው ነው።

ችግሩ፣ ቁልፏ መጥፋት ጀመረች። አባቴ የሚቋጥሯት ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ነው። ሁለት ጋቢ አላቸው፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ የእርሻ። በአንዱ ቋጥረው ሌላውን ለብሰው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ከገብስ ጎተራ ውስጥ ተገኘች፣ አንድ ጊዜ ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአህያዋ ጭነት ሥር። ወንድሜ በስልክ "ቅጂ አስቀርጪና ገላግያቸው" አለኝ። ስነግራቸው "የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ልጅ አይወልድም" ብለው ዘጉት። የባሰው በወርኃዊው በዓል ጠዋት የሆነው ነው። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ውጭ ቆሟል፣ ዲያቆናቱ በብርድ እጃቸውን ያፋትጋሉ፣ አባቴ በአጥሩ ሥር ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ። ቁልፏ የተገኘችው መቋሚያቸውን ከያዙበት እጅ ውስጥ ነው።

ሰው ሳቀ። አባቴም ሳቁ። ከሳቁ መሀል ግን "አሁንስ ለወጣቱ ቢሰጡት" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጣቱ የተባለው ቄስ ከአባቴ ሥር ፊደል የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ ተማሪያቸው ነው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ቄስ ስለሆነ በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ፣ አብረን ስላደግን ግን በልቤ አሁንም "አንተ" ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር። ቁልፏን ቢወስዱባቸው አባቴ በማለዳ ለምን ብለው ይነሣሉ? የሚያስጨንቀኝ ይኸው ብቻ ነበር።

ስለዚህ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ክፍል እንደጨረስኩ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ ክሬን በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ሲመሻሽ ደረስኩ። ከራት በፊት ደጅ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሐሳቤን ነገርኳቸው።

"አንገቴ ላይ?" አሉ አባቴ።

"አንገትዎ ላይ። ጋቢ ቢቀየር አንገት አይቀየርም።"

"አንገቴ ላይ ማተብ አለ።"

"ማተቡን ማን ነካው? ከጎኑ ነው የሚውል።"

ክሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላበጡት። "ጥቁር የለም?"

"አልቋል።"

"ይሄማ ለበቅሎ ነው የሚሆን።"

መጎንጎን ጀመርኩ። አባቴ እጅ ሲሠራ ማየት ይወዳሉ፤ ይህን ስለማውቅ ነው ፊት ለፊታቸው የጎነጎንኩት። ቀስ እያሉ ተጠጉ። ዘንጉ ላይ ስደርስና ክሮቹ ሲሻገሩ ጊዜ "መስቀል ነው እኮ" አሉ። ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ወዲያ የበቅሎው ነገር አልተነሣም። "አምጭው እስቲ" ብለው ተቀበሉኝ። ጣታቸው ከጠበቅሁት በላይ ቀልጣፋ ነበር። ጥቂት ዙር ሄደው ግን ቆሙ።

"ቅድም በየት ነበር የሄድሁት?"

"በቀኝ። አሁን በግራ ነው።"

ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ ነገርኳቸው። ቀጥሎ ግን መጠየቁን አፍረው በገመቱት ሄዱ፣ ዘንጉም መጠማዘዝ ጀመረ። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ጉዱ የመጣው ርዝመቱን ስንመርጥ ነው። "እንደ ጌጥ ደረቴ ላይ እንዳይንጠለጠል" አሉ። "ከማተቤ እኩል አድርጊው። ከልብሴ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።" ትክክል መሰለኝ። በማተባቸው ልክ ለካሁ። መንጠቆ ስለማላምን ደግሞ ቁልፏን ራሷን ከዘንጉ ጋር አብሬ ጎነጎንኳት፤ ገመዱ ሳይተረተር የማትወጣ አደረግኋት። ማታ ስለሆነ ራሳቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ገመዱ ከጆሯቸው ጋር ትንሽ ታግሎ ገባ። አንገታቸው ላይ ሆኖ ሳየው በሥራዬ ኮራሁ።

ማተብ ከታሰረ በኋላ የሚወልቅ ነገር አይደለም። በክርስትና ቀን ይታሰራል፣ ሲያረጅ ሌላ በላዩ ይታከላል። በራስ በኩል ይወጣ ይሆን ብሎ ያሰበ ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም፤ ማን ሊያወልቀው? በማተብ የለካ ሰው ስለ ማውለቅ አያስብም። አባቴም አላሰቡ፣ እኔም አላሰብኩ።

በማግሥቱ ማለዳ አብሬያቸው ሄድኩ። ጥምጥማቸውን አሳምረው አስረዋል። በሩ ጋ ደርሰው ቁልፏን ከልብሳቸው አወጡና ወደ ጓጉንቸሩ ሰደዷት፤ አልደረሰችም። ሊያወልቁት ወደ ላይ ሳቡት፤ ጥምጥሙ ከለከለ። ቄስ ደግሞ በሰው ፊት፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ጥምጥሙን አይፈታም። ቆመው አሰቡ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ጉንጫቸውን ከጓጉንቸሩ ጋር አጋጥመው፣ በአንድ ዓይናቸው እያዩ ከፈቱ። እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

"ምን ያስቅሻል?" አሉ።

"ምንም።"

"በሩን መሳለም ልማድ ነው። ዛሬ ጠበቅ አድርጌ ተሳለምሁ" አሉና ራሳቸው በሳቅ ፈነዱ።

ላስረዝምልዎ ብላቸው እንቢ አሉ። የማይወልቅ ነገር አይጠፋም፣ ምን ቸገረኝ አሉ። እውነትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፏ አንድም ቀን አልጠፋችም። ራቅ ብለው የሚያዩ ሽማግሌዎች "ቄሰ ገበዝ ከበሩ ጋር ግንባራቸውን አጋጥመው ጸሎት ያደርሳሉ" ብለው አወሩ፤ አባቴም አላስተባበሉም። እኔ ደግሞ ሰቆጣ ላይ ጉራዬን ነዛሁት። ጓደኛዬን "ያንቺ ክር አንድ ደብር እየጠበቀ ነው" አልኳት። ለመምህራኑም፣ ለሱቅ ጠባቂውም፣ ሳይጠይቁኝ አወራሁላቸው።

ክረምቱ በዚህ አለፈ። ገብሱ መብሰል ሲጀምር አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አገኘን። ዓይናቸው የደከመ፣ ከኽምጣና ሌላ ብዙም የማይናገሩ ደግ እናት ናቸው። እንደ ልማዱ መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። የአባቴ የእጅ መስቀል ያለው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እጃቸው ግን ወደ ኪሳቸው አልሄደም፣ ወደ አንገታቸው ሄደ። ቁልፏን ሳብ አድርገው አወጡ። ገመዱ አጭር ስለሆነ አባቴም ጎንበስ ማለት ነበረባቸው። ግንባር አስነኩ፣ አገጭ አስነኩ። አሮጊቷ ቁልፏን ስመው፣ አባቴን በኽምጣና አመስግነው፣ ደስ ብሏቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አባቴ እጃቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ትክ ብለው ያያሉ። ከኋላችን የሚመጡ ሁለት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ሲጭኑ አየሁና ነገሩን እንዳዩ ገባኝ።

"አባ፣ ቁልፍ እኮ ነው" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"አውቃለሁ" አሉ። ቆይተው ነው የመለሱልኝ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። መጀመሪያ ሳቅ ብቻ ነበር። ለአሮጊቷ ሲነገራቸው "የእግዚአብሔር ቤት ቁልፍ ነው፣ ምን ነውር አለው? ጉልበቴን እንኳ ቀለል ብሎኛል" አሉ ተባለ። ይህን ስሰማ እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ሰበካ ጉባኤው ለእሑድ ስብሰባ ጠራ። የጠፋ ቁልፍ ጉዳይ ቢሆን መልስ ነበረኝ። ይሄ ግን የቁልፍ ጉዳይ አልነበረም፣ የአባቴ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ክር አልነበረኝም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኛ ሴቶች ራቅ ብለን ከአጥሩ ሥር ነን፤ እኔ ግን አንድ ቃል አላመለጠኝም። የሰበካው ምክትል ሊቀመንበር ከአባቴ ጋር ያደጉ ገበሬ ናቸው። የመጣላቸውን የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ቃል ሲመርጡ ላብ በላብ ሆኑ።

"ቄሰ ገበዝ፣ ደክመውልናል" አሉ። "በክፉ ቀን ጠብቀውልናል። አሁን ይረፉ ነው የምንል። ቁልፉን ለቄሱ ያስረክቡና እርስዎ ይምከሩን።"

ወጣቱ ቄስ መሬት መሬት ያያል። "የኔታ ካልፈቀዱ እኔ አልቀበልም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቴ ሁሉንም ሰሙ። "እሺ" አሉና እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ገመዱን ወደ ላይ ሳቡት። አገጫቸውን አለፈና አፍንጫቸው ላይ ቆመ። ወደ ኋላ አዙረው ሞከሩ፤ ጥምጥሙ ሥር ተቀረቀረ። ወደ ፊት መለሱት፤ ቁልፏ አፋቸው ላይ ተንጠለጠለች። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ያያል።

"ጥምጥሙን ..." ብሎ አንድ ሰው ሲጀምር የጎኑ ሰው በክርኑ ደቆሰው። ቄስን በአደባባይ ራስህን ግለጥ የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ገና አልተወለደም።

"ቁልፏ ብቻዋን አትፈታም?" አሉ ምክትሉ።

"አብራ ተጎንጉናለች" አሉ አባቴ፣ ከቁልፏ ሥር በታፈነ ድምፅ።

"እንግዲያው ምላጭ አምጡ፣ ይቆረጥ።"

ይኼኔ አላስችል አለኝና ተነሣሁ። "እንዳይቆርጡት። አንዴ ከተቆረጠ ሁሉም ይተረተራል" አልኩ። እውነቴን ነው፤ ድምፄ ግን ከሚገባው በላይ ጮኾ ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?" አሉኝ ምክትሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ምነው ታዲያ መውጫ አላበጀሽለትም?"

"በማተብ ልክ ነው የለካሁት።"

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ፤ አንድ በአንድ ሰዉ እጁን ወደ ራሱ ማተብ ይሰዳል። ሁሉም በልቡ በራሴ በኩል ይወጣ ይሆን እያለ ይለካል። አንድ ሽማግሌ ማተባቸውን እስከ ከንፈራቸው ድረስ ሳቡትና እዚያው ተዉት። መጀመሪያ ሳቁን መያዝ ያቃተው ወጣቱ ቄስ ነው። ቀጥሎ ዲያቆናቱ፣ ቀጥሎ ደጀ ሰላሙ በሙሉ። ምክትሉ ዕንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ "በቃ፣ እግዜር ራሱ አስሮታል፤ እኛ ማን ነን የምንፈታ" አሉና ስብሰባው በሳቅ ተበተነ።

እኔ በደስታ ልበር ደረስኩ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩ። ምክትሉ እንዴት እንዳላባቸው፣ ሽማግሌው ማተባቸውን ሲስቡ፣ የእኔ ገመድ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደያዘ፣ ሁሉንም ደጋገምኩት። አባቴ ፈገግ እያሉ ይሰማሉ። ቤት ስንገባ ጥምጥማቸውን ፈተው መደቡ ላይ አኖሩ። ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው በራሳቸው በኩል አወጡና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

"ሌላ ክር አለሽ?"

"አለኝ። ምነው፣ ላላ?"

"አልላላም። ለልጁ አንድ ሥሪለት።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ተናደድኩ። "አባ፣ አሸንፈን እኮ ነው የመጣን" አልኳቸው። "እነሱ ራሳቸው ተዉት። ማን ጠየቅዎ?"

አባቴ ከጎኔ ተቀመጡ። "ያን ቀን መንገድ ላይ፣ አውቃለሁ አልሁሽ" አሉ። "አላወቅሁም ነበር። እጄ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለትንሽ ጊዜ ጠፋኝ። ቁልፍ ቢጠፋ ይፈለጋል።"

ጉልበቴ ላይ ያለውን ገመድ ጨበጥኩት።

"ዛሬ ሳቁ" አሉ። "የሳቁት ስለሚወዱኝ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ልስጥ። እያዘኑ ከሚቀበሉኝ እየሳቁ ቢቀበሉኝ ደስ ይለኛል።"

አለቀስኩ። አባቴ አላባበሉኝም። ቦርሳዬን ጎትተው ክሩን ራሳቸው አወጡ፤ አስረዝመው ሳቡና በመስኮቱ ብርሃን አዩት።

"የልጁን በማተብ አትለኪ" አሉ። "ማተብ አብሮን የሚቀበር ነው። ይሄ ወልቆ የሚሰጥ ነው። እኔም እንደ ማተብ አስሬው ከረምሁ። በጥምጥም ላይ የሚያልፍ አድርጊው፤ የልጁ ጥምጥም ደግሞ ጉድ ነው።"

በዕንባዬ መሀል ሳቄ መጣ። የወጣቱ ቄስ ጥምጥም እውነትም ከሩቅ ይታያል።

በቦርሳዬ የነበረው ክር ለዚያ ርዝመት አልበቃም። ስለዚህ የድሮውን ተረተርነው። ቁልፏ ብቻዋን መደቡ ላይ ቀረች፤ አባቴ አንዴ አይተዋት ዞር አሉ። የአንገቱን ክፍል እኔ ጎነጎንኩ። ዘንጉን ግን "ለእኔ ተይው" አሉ። ያን ጊዜ አንድ ዘዴ አበጀን፤ እኔ "ቀኝ" እላለሁ፣ እሳቸው ያጥፋሉ፤ "ግራ" እላለሁ፣ እሳቸው ያጥፋሉ። ማስታወሱ የእኔ፣ መጎንጎኑ የእሳቸው ሆነ። እየተሳሳቅን፣ አንዳንዴም ሆን ብዬ ላሳስታቸው ስሞክር "ዋሸሽ" እያሉ ሠሩት። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡና ገመዱን በወጣቱ ቄስ ጥምጥም ላይ አሳለፉት። ሰፋ ብሎ አለፈ። እናቶች እልል አሉ። ወጣቱ ቄስ የአባቴን ጉልበት ስሞ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አባቴ ግን ቁልፏን ደረቱ ላይ መታ መታ አድርገው "ብርቱካንማውን ታገሰው፣ ይለመዳል" አሉት።

ያን ሳምንት ሰቆጣ ላይ ሥራ የሠራሁ አልመሰለኝም። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለሁ አባቴ በማለዳ ነቅተው መደቡ ላይ ቁጭ ብለው፣ የሚከፍቱት በር ሳይኖር፣ ጣራ ጣራ ሲያዩ ይታየኛል። ብደውል ኔትወርክ የለም። ዓርብ ከሰዓት ከተማሪዎቹ ቀድሜ ወጣሁ። ስደርስ ደህና ነበሩ፤ ራታቸውን በሉ፣ ስለ አጨዳው አወሩ፣ ስለ ቁልፏ አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

ሲነጋጋ ስነቃ መደባቸው ባዶ ነው። ጋቢው የለም፣ መቋሚያው የለም። ረስተው ሊከፍቱ ሄዱ ብዬ ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ወጣሁ። እየሮጥኩ ዳገቱን ወጣሁት። ከተዘጋው በር ፊት ኪዳን ለማድረስ የመጡ ጥቂት ሰዎች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ምክትሉም አሉ። አባቴ ከመሀላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"አባ፣ ምን ያደርጋሉ እዚህ በብርድ?" አልኳቸው እያለከለክሁ።

"ልጁ አርፍዷል" አሉ። ሲሉት ደስ እያላቸው ነው። "ቁጭ በይ፣ ምን ያስሮጥሻል? ይኼን ሁሉ ዘመን ከውስጥ ነበርሁ። ሕዝቡ በሩ እስኪከፈት ውጭ ሲጠብቅ ይኼን ያህል ጨዋታ እንዳለው የነገረኝ ሰው የለም።"

ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ስበው ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ። ከዚያ ስመጣ ጨዋታ ወዳቋረጥኩባቸው ወደ ምክትሉ ዞሩ።

"እህ" አሉ አባቴ፣ "ከዚያስ በሬው ምን ሆነ?"